ሁለት ፊርማና አንድ ዝምታ

ባለፈው ሳምንት ያላነበባችሁ እንዳትደናገሩ ነገሩን ባጭሩ ላስይዛችሁ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሰፈሩ “ንፋስ” ይለኛል፤ ኮምፕሬሰሩ ቢበላሽ እንኳ ይሄ ልጅ በአፉ ይሞላዋል ለማለት ነው። የምወዳት ልጅ ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ቲቸር ነው የምላት። እናቷ የቀለም ፋብሪካ አላቸው። እኔ እሳቸውን የማውቃቸው በመኪናቸው ጎማ ነው፤ እሳቸው እኔን የሚያውቁኝ በመስኮት ነው፣ ያውም ግማሽ በወረደ።

ቲቸር ልቧን ያማታል። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን እያመማት በሰዓቱ ሳትታከም ቀረችና በሽታው ልቧ ላይ ወጣ። አንዱ ቫልቭ ጠቧል። መጀመሪያ ስትነግረኝ፣ “ቫልቭ ከሆነማ እኔ ጋ ሞልቷል፣ መርጠሽ ውሰጂ” ብያት በሳቅ ልትሞት ነበር። ያኔ የምትሞት ስላልመሰለኝ ነው የቀለድኩት።

አሁን አርግዛለች። ከኔ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን አብረን እንሂድ።

የልብ ሐኪሟ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ስታወራ እጇን የማታወዛውዝ ሴት ናት። ውጤቱን አንብባ ጨረሰችና ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችው።

“እርግዝና ማለት ልብ ለሁለት ሰው መሥራት ማለት ነው” አለቻት። “ያንቺ ልብ ለአንድ ሰውም እየተንጠራራ ነው የሚሠራው። ወሩ ሲገፋ ደምሽ ይጨምራል። ጠባቡ በር አያሳልፈውም። ሳንባሽ ውሃ ይይዛል። ልትሞቺ ትችያለሽ። ላትሞቺም ትችያለሽ፤ እኔ ግን በሱ ተወራርጄ አልሸኝሽም።”

“ስለዚህ?” አለች ቲቸር። ተማሪ እየጠየቀች ነው የሚመስለው፤ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

“ስለዚህ ጽንሱን ማቋረጥ ትችያለሽ። ሕጉ ይፈቅድልሻል። በር ግን አለው። የፈለገ ሁሉ ዘው ብሎ አይገባም። የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መሆን አለበት። አደጋ መሆኑን ደግሞ ሁለት ሐኪም በፊርማው ያረጋግጣል። አንዷ በሽታውን የማክመው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራው ሆስፒታል ሐኪም ነው። ከሁለታችንም በፊት ግን አንቺ አለሽ። አንቺ ካልፈለግሽ የኛ ፊርማ ቀለም ማባከን ነው።”

“ባልስ አይፈርምም?” አልኩ እኔ፣ በወንበሬ ላይ ቀና ብዬ።

“ባል ነህ?”

“ልሆን እየተመዘገብኩ ነው።”

ሐኪሟ አልሳቀችም። “ባልም፣ እናትም፣ አባትም አይፈርምም። ሕጉ የሚሰማው የሷን ቃል ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። አሁን አሥረኛው ሳምንት ላይ ነሽ። አሥራ ሁለተኛው ካለፈ ነገሩ ከሁለት ሐኪም እጅ ወጥቶ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ቦርድ እስኪሰበሰብ ልብሽ አይጠብቅም።”

ብዕሯን አወጣችና ፈረመች። የመጀመሪያው ፊርማ እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ቲቸር ፊርማውን ትክ ብላ አየችው። ሂሳብ ስታርም የተሳሳተ መልስ ስታገኝ እንደዛ ነው የምታየው። መልሱ ትክክል ነበር፤ እሷ ግን ስህተት ቢሆንላት ደስ የሚላት ትመስል ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ፣ ቲቸር ካርዷን ልታስመልስ ወደ መስኮቱ ስትሄድ፣ የሐኪሟ ነርስ፣ ሲስተሯ፣ ክርኔን ይዛ ወደ ግድግዳው ገፋችኝ። ደልደል ያለች፣ ነጭ ጫማዋ የሚንጫጫ ሴት ናት። ከጠዋት ጀምሮ ቀልዴን ስትሰማ ነው የዋለችው።

“ስማ አንተ ለፍላፊ” አለችኝ። “ሆስፒታል ስትሄዱ ብቻዋን ነው የሚያስገቧት። ማንም እንዳልገፋት ያጣራሉ። ‘አስወርጂ’ ብለህ ብትጫናት ያስጠይቅሃል። ‘ውለጂ’ ብለህ ብትጫናትም እንደዛው። ውሳኔው የሷ ብቻ ነው። አንተ አፍህን ሰብስብ። ገባህ?”

“ገባኝ ሲስተር።”

ገባኝ ስል እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው። ሕግ የማውቀው በትራፊክ ፖሊስ ነው። ትራፊኩ “ዝም በል” ካለህ ዝም ነው፤ በተናገርክ ቁጥር ቅጣቱ ይወፍራል። ስለዚህ ከኔ አፍ አንዲት ቃል ብታመልጥ ሁለተኛው ሐኪም ይደርስባታል፣ “ይቺን ሴት ገፍተዋታል” ብሎ ብዕሩን ይከድናል፣ ቲቸርም በኔ ምላስ ትሞታለች ብዬ ደመደምኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? አፌን ቆለፍኩትና ቁልፉን ዋጥኩት።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል።

“ምን ታስባለህ?” አለችኝ።

“ምንም።”

“እንዴት ምንም?”

“ያንቺ ውሳኔ ነው።”

ዞር ብላ አየችኝ። እኔ እኮ ከሾፌር ጋር የምጨቃጨቅ፣ ከረዳት ጋር የምዘፍን፣ ከፊቴ የተቀመጡ አሮጊት ሳላስቅ የማልወርድ ሰው ነኝ። “ያንቺ ውሳኔ ነው” የሚለው ነገር ከኔ አፍ ሲወጣ የሰው ኮት የለበስኩ ነው የመሰለው። እሷ ቀስ ብላ ትከሻዋን አራቀችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ውጭ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ መንገድ ነው፣ ሰው ነው። እኔ ጋ ያለውን ላለማየት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ብቻ ትከሻዬ በረደኝ።

ከዛ በኋላ ስትደውል “እህ”፣ “እሺ”፣ “ደህና ዋይ” ብቻ ሆንኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቴክስት ላከችልኝ። “ብወልደው ምን ይመስልሃል?” ይላል።

እጄ በቅባት ተጨማልቆ ስልኩ ላይ ብዙ ነገር ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ አሁንም አጠፋሁት። ስልክ ይጠለፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በጽሑፍ መጫን ደግሞ ይብሳል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ “ያንቺ ውሳኔ ነው” ብዬ ላኩላት። ማንበቧን አየሁ። መልስ አልመጣም።

ጋሼ፣ የጎሚስታው ባለቤት፣ ክሪኩን ከጭነት መኪና ሥር እያወጣ አየኝ። “አንተ ልጅ ታመሃል እንዴ?”

“ደህና ነኝ ጋሼ።”

“ከጠዋት ጀምሮ አንድ ደንበኛ አልሰደብክም። ሰዎቹ ቅር ብሏቸው ነው የሚሄዱት።”

“ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?”

“እሱ ለሰው ነው። አንተ ንፋስ ነህ፤ ካልወጣህ ታፈነዳለህ” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ነው፤ ደረቴ ልትፈነዳ ነበር። ማታ ማታ ለቲቸር የምላትን ሁሉ ለጣሪያው ነበር የማወራው። ጣሪያው ጎበዝ አድማጭ ነው፤ ግን መልሶ አያቅፍህም።

የሁለተኛው ሐኪም ቀን ደረሰ። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዶክተሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገው ዓይነት ሽማግሌ ነው። በሩን ከፍቶ፣ “ብቻዋን” አለ። እኔ ቀድሜ ተቀምጬ ነበር፤ እንዲያውም እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት፣ ምንም አልነካሁም ለማለት።

ቲቸር ከመግባቷ በፊት ቆማ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው፤ አሁን ነው ያወቅኩት። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ዶክተሩ ተከትሏት ወጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ “ልቧ ያልቆረጠ ሴት ላይ አልፈርምም” አላት፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። “ወረቀትሽ ደህና ነው። በሽታሽም ግልጽ ነው። እኔ ‘ይሄን ትፈልጊያለሽ ወይ’ ስልሽ ግን ‘አላውቅም’ አልሽኝ። ‘አላውቅም’ ላይ መፈረም አልችልም። ሐሙስ ተመለሺ። ከሐሙስ በኋላ የቦርድ ነው።”

በአጠገቤ አለፈች። ተነስቼ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። እጄን ስሰጣት አልያዘችውም። “ሥራህ ሂድ” አለችኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ ምን እያሰብኩ ነበር መሰላችሁ? አንድ ቃል ሳልናገር ዋልኩ፣ ፈተናዬን አለፍኩ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጋሼ በር ላይ ያ የማውቀው መኪና ቆመ። አራቱንም ጎማ በዓይኔ ለካሁት፤ ንፋሱ ደህና ነው። መስኮቱ እስከ ታች ወረደ። ከዛ በሩም ተከፈተና እትዬ ወረዱ። የቲቸር እናት ናቸው። በጥቁር ጫማቸው ቅባቱን እየረገጡ መጡና ፊቴ ቆሙ።

“ልጄን ምን አልካት?”

“ምንም እትዬ!”

“ምን አልካት ነው የምልህ!”

“እናቴ ትሙት፣ ምንም አላልኳትም!”

“እሱ ነው እኮ!” ብለው ጮኹ። ጋሼ ቸርኬውን ለቀቀው። “እሱ ነው እኮ ሰውዬ! ምንም ስላላልካት ልትሞትብኝ ነው!”

የጎማ መፍቻውን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

“ማታ ጉልበቴ ላይ ተኝታ ስታለቅስ አደረች” አሉ፣ ድምጻቸው ዝቅ እያለ። “ዶክተሩ ‘ለምን አመነታሽ’ ሲላት ምን ብትለው ጥሩ ነው? ‘እሱ እየሄደ ነው። እሱ ከሄደ ልጁ እንኳ ይትረፍልኝ’ አለችው። ሰማህ? አንተን ካጣች ያንተን ቁራጭ ይዛ ልትሞት ነው። እኔ አንተን አልወድህም። ይታወቅልኝ።”

“አውቃለሁ እትዬ።”

“እሷ ግን ትወድሃለች። ምን ባደርግ ልገላገልህ? መሄድህ ከሆነ ሂድ፤ አፍህን ከፍተህ ንገራትና ቁርጧን ትወቅ።”

“የት ነው የምሄደው? እኔ መናገር ተከልክዬ ነው እንጂ!”

“ማነው የከለከለህ?”

“ሕጉ!”

“የምን ሕግ?”

የሲስተሯን ነገር ነገርኳቸው። ስለ መጫን፣ ስለ መጠየቅ፣ ሐኪሙ ስለሚያጣራው፣ ምላሴ ቢያመልጠኝ ፊርማው እንደሚሰረዝ። እትዬ እየሰሙኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዛ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ።

“እኔ ቀለም ነጋዴ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም” አሉ በመጨረሻ። “ግን ‘አትጫናት’ እና ‘ድምጽህን አታሰማት’ አንድ ነው ያለህ ማነው? እኔም እኮ አልገፋኋትም፤ ላብድ ነው እንጂ አልገፋኋትም። ‘አለሁልሽ’ ማለት ግን መግፋት ነው እንዴ? አንተ... አንተ... ምን ዓይነት አህያ ነህ?”

ጋሼ ከኋላ፣ “የተሸከመ አህያ ነው እትዬ” አለ። “ሲጎብጥ ከርሟል።”

እትዬ የመኪናውን የኋላ በር ከፈቱ። ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዛ ጋዜጣ አውጥተው ወንበሩ ላይ ዘረጉ። “ግባ” አሉ። “ግን እንዳትንቀሳቀስ።”

ትምህርት ቤቱ የእረፍት ሰዓት ላይ ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ ይንጫጫሉ። ቲቸር ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ሂሳብ ተጽፏል። በሩ ላይ ስቆም ቀና አለች፤ ቀይ እስክሪብቶዋ በእጇ ቀረ።

“ምን ፈለግክ?”

“ልናገር ነው የመጣሁት።”

“ዛሬ ምላስህ ከየት ተገኘ?”

“እናትሽ በመኪና አምጥተውት።”

“ምላስህን?”

“ሁለታችንንም። እኔ ጋዜጣ ላይ ነው የመጣሁት።”

ከንፈሯ ሊፈታ ሲል መልሳ ነከሰችው። እኔም ትንፋሼ ሳያልቅ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሲስተሯን፣ ትራፊኩን፣ ጽፌ ያጠፋሁትን ቴክስት፣ ጣሪያውን። ስጨርስ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“ደደብ” አለችኝ።

ቲቸር ተማሪዋን ደደብ ብላ አታውቅም። ዜሮ ያመጣ ልጅ እንኳ “ገና እየመጣህ ነው” ነው የምትለው። እኔን ደደብ አለችኝ፤ እናቴ ከወለደችኝ ጀምሮ እንደዛ ያስደሰተኝ ስድብ የለም።

“እኔ እኮ” አለች፣ ድምጿ አሁን ተሰበረ፣ “ይሄን ሁሉ ቀን የት እንደሄድክ ፊትህ ላይ ስፈልግህ ነበር። ዓይንህን አያለሁ፣ የለህም። ስልኩን አነሳለሁ፣ የለህም። ሆዴ ውስጥ ያለው ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ ያዝኩት።”

“ፊርማው እንዳይበላሽብሽ ነው። መታሰሩን አልፈራሁትም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ።”

“አሁን ንገረኝ” አለች። ተነስታ መጥታ ፊቴ ቆመች። “ሳትቀልድ። የምትለኝ ነገር ፊርማ አይደለም፣ ማንም አይቆጥረውም። የምወስነው እኔ ነኝ። ግን ባዶ ቤት ውስጥ አልወስንም። ልጁን ትፈልገው ነበር?”

“ሳትቀልድ” መባል ምን ያህል ራቁት እንደሚያስቀር የሚያውቀው ቀልደኛ ብቻ ነው።

“ከጋራዡ ጀርባ ዛፍ አለ አይደል” አልኩ። “እዛ ላይ የትንሽ መኪና ጎማ ሰቅያለሁ። ዥዋዥዌ። ልጅ እንዳይቧጭር ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ። ጋሼ ‘ለማነው’ ሲለኝ ‘ለደንበኛ ነው’ አልኩት።”

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“እፈልገዋለሁ። ስም ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት። ግን ያቺ ሐኪም ‘ሳንባሽ ውሃ ይይዛል’ ካለች ወዲህ እኔ ውሃ ውስጥ ነው የማድረው። ዥዋዥዌው ላይ ልጁን ሳስበው ከኋላ የምትገፊው አንቺ ነሽ። አንቺን ሳወጣሽ ልጅም አይታየኝም፣ ገመዱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይሄ የኔ ነው። ያንቺን አላውቅም። ብትወልጂውም አለሁ። ባትወልጂውም አለሁ። ውሳኔሽን ሰምቼ የምሄድበት ቦታ የለኝም።”

ሜዳው ላይ ልጆቹ ኳስ አገቡ መሰለኝ ጮኹ። ቲቸር ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈችው። ቱታዬ ቅባት ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰችው። ሁለታችንም ግድ አልሰጠንም።

“እኔም እፈልገዋለሁ” አለች እዛው ሆና። “አንተን እንዳላጣ ብዬ የያዝኩት መስሎኝ ነበር። አይደለም። አንተ ተመልሰህ ቆመሃል፣ አሁንም እፈልገዋለሁ። እሱ ነው የከበደኝ።”

“አውቃለሁ።”

“ግን ከትናንት ወዲያ እዚሁ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ሳልደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼ ናቸው ቦርሳዬን የተሸከሙልኝ። ገና ምንም ሳይገፋ እንዲህ ከሆንኩ...” ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን ፊቷ የጠራ ነበር። “መኖር እፈልጋለሁ። እንደዚህ ማለት ያሳፍራል?”

“አያሳፍርም።”

“ለእናቴ ብዬ አይደለም። ላንተም ብዬ አይደለም። ጠዋት ተነስቼ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ። ማርጀት እፈልጋለሁ። መኖር እፈልጋለሁ።”

ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀና ብላ አየቻት። “ቲቸር፣ እያለቀስሽ ነው?”

“ጠመኔ ዓይኔ ገብቶ ነው።”

“ነጭ ሰሌዳ እኮ ነው ያለን።”

ክፍሉ ሳቀ፤ ቲቸርም እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች አብራቸው ሳቀች። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የሷን ድምጽ፣ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር ስታስረዳ፣ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ምንም አልገባኝም፤ ግን ደወሉ ድጋሚ እስኪደወል ቆሜ ሰማሁ።

ሐሙስ ዕለት አግዳሚው ላይ ከእትዬ ጋር ተቀመጥን፣ መሃላችን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተን። ዶክተሩ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ቲቸርን አየና፣ “ብቻዋን” አለ። በዚህ ጊዜ ስትገባ ዞር ስትል ዓይኗን ጠብቄ ያዝኩት። አልተናገርኩም፤ አያስፈልግም ነበር።

ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። እትዬ የቦርሳቸውን ዚፕ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። እኔ ጥፍሬ ሥር ያለውን ቅባት ለማውጣት ስታገል ነበር። በሩ ሲከፈት ሁለታችንም እኩል ተነሳን።

ዶክተሩ እኔን አየኝ። “ዝምተኛው አንተ ነህ?”

“አዎ ዶክተር።”

“ፊትህ አይመስልም።” ከዛ ወደ እትዬ ዞረ። “ጠይቄያታለሁ። ምን እንዳለችኝ የሷና የኔ ነው። ዛሬ ‘አላውቅም’ የሚል ቃል አልሰማሁም። ፈርሜያለሁ። ልቧን የሚከታተል ሐኪም አጠገቧ ይቆማል። ነገ ጠዋት ትገባለች።”

እትዬ ወደ ግድግዳው ዞሩና በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ የዶክተሩን እጅ ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ አቆመኝ። “እኔን አይደለም” አለኝ። “ፊርማዬ የመጣው ከሷ በኋላ ነው።”

በማግስቱ ሥራው አለቀ። ልቧ ቻለው። የልብ ሐኪሟ ወጥታ፣ “ደህና ናት” አለችን፤ ቫልቩን የሚያሰፉበት ቀን እንደሚያዝላትና ከዛ በኋላ ስለ መውለድ እንደገና መነጋገር እንደሚቻል ነገረችን። “ትችላለች” አላለችም፤ “መነጋገር ይቻላል” ነው ያለችው። እኔም ቃሉን እንደሰጠችኝ ተቀበልኩት፣ ሳልጨምርበት።

ክፍሉ ቀላል ነው። ሁለት አልጋ፣ አንዱ ባዶ፤ ከመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቲቸር ተኝታለች። እትዬ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ አልጋው ጠርዝ አጠገብ በርጩማ ላይ ነኝ፤ እጇን ይዣለሁ። እጇ ይሞቃል። ደስታዬና ሐዘኔ አንድ ወንበር ላይ እንደተጋፉ ሁለት ተሳፋሪዎች ውስጤ ተቀምጠዋል፤ አንዱም ለሌላው ጠጋ አይልም። የሌለውን ልጅ አለቅሳለሁ። ያለችውን እጅ እይዛለሁ። ይሄን የሚያስታርቅ ቀልድ ፈለግኩ፤ ጠፋኝ። መጥፋቱም ልክ መሰለኝ።

ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ።

“አለህ?” አለች።

“አለሁ።”

ከተጨፈነው ዓይኗ ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። በአውራ ጣቴ ጠረግኩላትና እጄን ጉንጯ ላይ ተውኩት።

ከጥግ ወንበር፣ ተኝተዋል ብዬ የተውኳቸው እትዬ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ “እኔም አለሁ” አሉ። “እጅህን ሰብስብ።”

ቲቸር ሳቀች። ስትስቅ ሆዷን አመማት፤ አሟትም መሳቋን አልተወችም፤ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰች ሳቀች። እትዬ ተነስተው በዚያኛው በኩል መጥተው ሌላኛውን እጇን ያዙ። ሦስታችንም፣ ማን ስለ ምን እንደሚያለቅስ ሳንጠያየቅ፣ አንድ ላይ አለቀስን።